ተማሪ በሬዲዮና በጋዜጣ አስተያየት ሲሰጥ፦ «የሚመለከተው አካል» ማለት ይቅር

ሬዲዮ ላይ ደውሎ አስተያየት የሚሰጥ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ከዚያ ላይ ሰላምታው፣ «ፕሮግራማችሁን በጣም ነው የምከታተለው» የሚለው ምስጋናና የአዘጋጁ «እባክዎ ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉልን» የሚል ልመና ግማሹን ይወስዱታል። በቀረችው ጊዜ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥበት» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። ጉዳዩ እውነተኛ ነው፤ ተማሪውም ከልቡ ነው የተናገረው። ነገር ግን «የሚመለከተው አካል» የሚል ታፔላ የሰቀለ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ማንም ሰምቶ «ይኼ እኔን ነው» አይልም። ጋዜጣ ላይ የሚላኩ ደብዳቤዎችም በዚሁ ምክንያት ይጣላሉ። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅቱን፣ ስልኩን፣ አጭር መልእክቱን፣ ደብዳቤውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል በየተራ የሚያሳይ ነው።

ጉዳዩን ማጥበብ

«የትምህርት ጥራት»፣ «የትራንስፖርት ችግር»፣ «የወጣቱ ሥነ ምግባር» የሚሉት ለአንድ አስተያየት አይሆኑም፤ ሰፊ ናቸው። ተማሪ ከሌላው አስተያየት ሰጪ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ክፍል ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በየቀኑ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ከሰፊው ጉዳይ ውስጥ በዓይኑ ያየውን ቁራጭ ብቻ ይውሰድ። ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን አየሁ፣ ማስተካከል የሚችለው ማን ነው፣ ምን እንዲያደርግ ነው የምጠይቀው። ሁለተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ገና አልተዘጋጃችሁም ማለት ነው።

ሁለተኛውን መስመር መሙላት ጥቂት መጠያየቅ ይፈልጋል። መብራት ስለመቆራረጡ የሚያማርር ብዙ ሰው የሚጠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ነው፤ ያ ተቋም ግን ዋና ሥራው ማመንጨትና ማስተላለፍ ነው። ቤትና ትምህርት ቤት ድረስ የሚያዳርሰው፣ ቆጣሪ የሚተክለውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ትምህርት ላይም እንዲሁ ነው። የክፍል መጨናነቅ፣ የመምህር እጥረትና የመጽሐፍ ሥርጭት መጀመሪያ የሚጠየቅበት የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ በላይ የክልሉ ወይም የከተማው ትምህርት ቢሮ፣ ከቢሮው በላይ ትምህርት ሚኒስቴር አለ። ብሔራዊ ፈተናን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። አንድ ደረጃ ዘሎ መጠየቅ ለታችኛው ኃላፊ ማምለጫ ይሰጠዋል፤ ላይኛውም «እታች ጠይቁ» ብሎ ይመልሳል።

ከዚህ በፊት በትምህርት ቤት ውስጥ መጠየቁንም አትርሱ። ርዕሰ መምህሩን ወይም የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን (ወተመህ) አነጋግራችሁ ከሆነ ቀኑን ያዙ። «ኅዳር 12 ለርዕሰ መምህሩ አመልክተናል፤ እስካሁን መልስ የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስተያየቱን ከእሮሮ ወደ ጉዳይ ይቀይረዋል። አዘጋጁም የሚመለከተውን ኃላፊ ደውሎ ለመጠየቅ መነሻ ያገኛል።

ቁጥር ስትጠቅሱ

ተማሪ ሲናገር በጣም የሚታመነው ራሱ የቆጠረውን ሲናገር ነው። አምስት ቀን የተመዘገበ የሰልፍ ሰዓት «ሁሌም ረጅም ሰልፍ አለ» ከሚለው ይበልጣል። ከሌላ የተሰማ ቁጥር ግን ሦስት ነገር ይዞ መምጣት አለበት፤ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ የተናገረው ማን ነው፣ የተለካው ምንድን ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን ውጤቱን ትምህርት ሚኒስቴር የገለጸው በዚያው ዓመት ጥር ወር ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር ዛሬም ድረስ በአስተያየት ሰጪዎች አፍ «97 በመቶ ተማሪ ወደቀ» እየተባለ ይነገራል። ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ የተለካው 50 በመቶ ማምጣት ነው፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ መስፈርት ነው። ከዚያ በታች ካመጡት ውስጥ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ገብተው የቀጠሉ አሉ፤ እነሱን «ወደቁ» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የአንድ ዓመት ነው፤ የ2016 ተፈታኞች ጋ ሲደርስ 5.4 በመቶ ሆኗል። ዓመቱ ያልተነገረን ቁጥር፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ካለ በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የተናገራችሁት እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ስልኩ

የቀጥታ ሥርጭት ላይ መስመሩ የሚጨናነቀው አዘጋጁ «መስመሩ ክፍት ነው» ካለ በኋላ ነው። ርዕሱ እንደተነገረ፣ እንግዳው ገና ሲተዋወቅ መደወል ይሻላል። ለሩብ ሰዓት የሚበቃ ሒሳብ ይኑራችሁ፤ ተራ ስትጠብቁም ነፃ መስመር ካልሆነ ይቆጥራል። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን።

የምትደውሉበት ቦታ ከምታስቡት በላይ ዋጋ አለው። ታክሲ ውስጥ፣ ደረጃ ላይና ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ይደፈረሳል ወይም ያስተጋባል። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትደውሉ፤ ዝናቡ ሲጀምር ስቱዲዮው ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ፍራሽ፣ መጋረጃና ልብስ ያለበት መኝታ ክፍል ከሁሉ ይሻላል፤ ድምፅ ይመጥጣሉ። ስልኩን ጆሮ ላይ አድርጎ መናገር እንጂ ላውድ ስፒከር ላይ ማድረግ አይገባም።

ሬዲዮው ዝቅ ይበል ብቻ ሳይሆን ይጥፋ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ድምፃችሁ ከጣቢያው ተሠራጭቶ ቤታችሁ ባለው ሬዲዮ ይወጣል፤ ከሬዲዮው ተመልሶ በስልኩ ይገባል፤ እንደገና ይሠራጫል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በኢንተርኔት እየሰማችሁ ከሆነ ደግሞ ሥርጭቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ የራሳችሁን ድምፅ ከኋላችሁ እየሰማችሁ ምላሳችሁ ይተሳሰራል። የፕሮግራሙን ድምፅ በስልኩ ውስጥ ትሰማላችሁ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው አዘጋጁ ሳይሆን ስልክ ተቀባዩ ነው። ስም፣ ከየት እንደምትደውሉና ምን ልትናገሩ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚቀረው፤ «አስተያየት ነበረኝ» ብሎ ያቆማል። ለስልክ ተቀባዩ የሚነገረው አንድ የተጠናቀቀ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ አምስት ቀን የመዘገብኩትን ሰዓት ልናገር ነው።» ይህን የሰማ ሰው ወደ ፊት ያስቀድማችኋል፤ ለፕሮግራሙ የሚጠቅም ነገር ይዛችኋልና።

አየር ላይ የሚነገረው አራት መስመር ካርድ ላይ ይጻፍ። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ስለሚል ካርዱ ከ100 ቃል አይለፍ። ይህን ምሳሌ ተመልከቱ፤ ስሙም ቁጥሮቹም ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላም እባላለሁ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ወደ ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምኩበትን ሰዓት በየቀኑ ጽፌያለሁ፤ ትንሹ 25 ደቂቃ፣ ትልቁ 50 ደቂቃ ነው። በአምስት ቀን ሦስቴ አርፍጃለሁ፤ ያረፈደ ደግሞ አንደኛው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ በር ላይ ይቆማል። የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ዩኒፎርም ለለበሰ ተማሪ ተለይቶ የሚያዝ አንድ አውቶቡስ በዚህ መስመር እንዲመድብ ነው የምጠይቀው። አመሰግናለሁ።»

ሰላምታው በሁለት ቃል አለቀ፤ ክብር ግን አልጎደለበትም። ሰልፉ፣ ሰዓቱ፣ በሩ ላይ መቆሙ ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚጠየቀውም ቢሮ ተጠርቷል። ይህን በስልካችሁ ሰዓት እየለካችሁ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፤ ድንጋጤው ያለው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ግን ቃል በቃል አታንብቡ፤ በሬዲዮ የሚነበብ ወረቀት ወዲያው ይታወቃል፣ ሰሚውም መስማቱን ይተዋል። ካርዱን እያያችሁ እንደምታወሩት ተናገሩት። ድምፅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ቆሞ ይናገር፤ ትንፋሽ ይበቃዋል።

አዘጋጁ ካቋረጣችሁ አትሽቀዳደሙ፤ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲሆን አንዱም በደንብ አይሰማም። ዝም ብላችሁ ጥያቄውን ስሙ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር ሂዱ። የመጨረሻው መስመር ጥያቄያችሁ ስለሆነ ሌላው ቢቀር እሱ መነገር አለበት። መስመሩ ከተቋረጠ ደግሞ ወዲያው አትደውሉ፤ ስልክ ተቀባዩ መልሶ ሊደውል ስለሚችል ሦስት ደቂቃ መስመሩን ነፃ አድርጉ።

አጭር የጽሑፍ መልእክት

ስልክ ካልገባ አጭር መልእክት አለ። እዚህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይይዛል። ከ70 ሲያልፍ ስልኩ ይቆራርጠዋል፤ እንደ ብዙ መልእክት ሒሳብ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም ክፍሎቹ ተዛብተው ይደርሳሉ። ለመቆጠብ ብሎ በላቲን የሚጽፍ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። «መጣ» እና «መታ» በላቲን ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ «መምህሩ መጣ» ያላችሁት «መምህሩ መታ» ተብሎ በቀጥታ ሥርጭት ሊነበብ ይችላል። በግዕዝ ጻፉ፤ ቢረዝም ሁለት መልእክት ይበቃዋል። ስምና ሰፈር መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ጫፉ ቢቆረጥ የሚጠፋው እሱ እንዳይሆን።

ደብዳቤው

ጋዜጣ ላይ ጊዜው ሰፊ ነው፤ ማመካኛም ያንሳል። ለአንባቢያን ደብዳቤ ከ200 እስከ 300 ቃል ይበቃል። ሪፖርተር «ልናገር» እንደሚለው ያለ ዓምድ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ግን ሐሳብን ከነማስረጃው አብራርቶ የሚሄድ ስለሆነ ረዘም ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ተማሪ በደብዳቤ ቢጀምር ይመከራል። ከመላካችሁ በፊት የዚያን ጋዜጣ አራትና አምስት ዕትም አንብቡ፤ የትኛው ዓምድ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያስተናግድ ከዚያ ይታወቃል። የሚወጣበትን ቀንም እወቁ። ቅዳሜ ለሚወጣ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዓርብ የተላከ ደብዳቤ ለዚያ ሳምንት አይደርስም፤ ማክሰኞ ቢላክ ተስፋ አለው።

አርታኢ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ነው የሚወስነው። ይህ በየቀኑ የሚደርሰው ዓይነት ነው፦

«በአሁኑ ወቅት በሀገራችን ያለው የትምህርት ጥራት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወረደ መምጣቱ ይታወቃል። ለዚህም ዋናው ምክንያት የግብአት እጥረት ሲሆን የሚመለከታቸው አካላት አፋጣኝ ምላሽ ሊሰጡ ይገባል።»

ውሸት የለበትም። ግን ማን ጻፈው ቢባል አይታወቅም፤ መቶ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር። ያው ተማሪ ያየውን ሲጽፍ፦

«10ኛ ክፍል ነኝ። በክፍላችን 62 ተማሪዎች ነን፤ የደረሰን የባዮሎጂ መጽሐፍ 21 ነው። ለሦስት አንድ ስለሆነ በተራ ወደ ቤት እንወስደዋለን፤ የቤት ሥራው ለነገ ቢሆንም መጽሐፉ የሚደርሰኝ ከነገ ወዲያ ነው። ስልክ ያላቸው ልጆች በፒዲኤፍ ያነባሉ፤ ከእኛ ረድፍ ስልክ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። የክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የቀሩት መጻሕፍት ከጥር ፈተና በፊት ይደርሱ እንደሆነ ቀኑን ለይቶ ቢነግረን፣ ካልደረሱም ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 12 ሰዓት እንዲከፈት ቢያደርግ እንለምናለን።»

እዚህ ውስጥ «ጥራት» የሚል ቃል የለም፤ ጉዳዩ ግን ሙሉ ነው። ሁለት ጥያቄ መቅረቡንም አስተውሉ፤ ትልቁ ካልተቻለ ትንሹ። ትንሹን እምቢ ለማለት ለኃላፊ ይከብደዋል፤ ወጪው ለአንድ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ነው።

ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት ይሁን። በቆዩ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ፋይል ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ተበላሽቶ ይታያል፤ አርታኢም እንደገና ጻፉልኝ ለማለት ጊዜ የለውም። በስልክ የተጻፈ ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ ያ ይሻላል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስታችሁ ወይም በፒዲኤፍ አትላኩ፤ ኢሜይሉ ውስጥ ራሱ ለጥፉት። አራት ነጥብ «።» እንጂ ሁለቴ የተመታ ሁለት ነጥብ አይሁን፤ መስመር ሲታጠፍ ይለያያል። ስለ «ሀ» እና «ሐ»፣ ስለ «ሰ» እና «ሠ» ብዙ አትጨነቁ፤ እያንዳንዱ ጋዜጣ የራሱ አጻጻፍ አለው። የሰውና የቦታ ስም ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን ደብዳቤ ለሁለት ጋዜጣ በአንድ ሳምንት አትላኩ፤ ሁለቱም ካወጡት ሁለተኛ አያስተናግዷችሁም።

ስም፣ ትምህርት ቤትና ጥንቃቄ

አስተያየት የመስጠት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠ ነው። ቢሆንም ተማሪ ነጥቡ በመምህሩ እጅ ስለሆነ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ጋዜጣ ሙሉ ስምና ስልክ ይጠይቃል፤ ይህ ለማጣራት ነው እንጂ የግድ ይታተማል ማለት አይደለም። እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ከደብዳቤው በላይ «ስሜ እንዳይታተም» ብላችሁ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል። ሬዲዮ ላይ የመጀመሪያ ስምና ክፍለ ከተማ ይበቃል። ትምህርት ቤቱን፣ ክፍሉን፣ ሰፈሩንና የሚመጡበትን ሰዓት አንድ ላይ አትናገሩ፤ አራቱ ሲገጣጠሙ ማን እንደሆናችሁ ይታወቃል። ዛሬ በሬዲዮ የተነገረ ነገ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አስቀድሞ ይወቅ።

አንድን መምህር በስም ጠርቶ መክሰስ ለአየር አይሆንም። ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ካለ ደግሞ ጉዳዩ መጀመሪያ ለሚታመን ትልቅ ሰው፣ ለፖሊስና ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው የሚነገረው። በሬዲዮ ከተነገረ የተጎዳው ልጅ ማንነት ሰፈር ውስጥ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ ልጁ ሁለተኛ ይጎዳል።

ቡድንን መውቀስም እንዲሁ። «እነዚህ ሰዎች ሁሉ» ብሎ የጀመረ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወደሚከለከለው የጥላቻ ንግግር ሊያመራ ይችላል፤ አዋጁ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ለይቶ ይጠቅሳል። የተደረገውን ድርጊት ተናገሩ፤ ያደረጉት ከየት እንደመጡ ለጉዳዩ አያስፈልግም።

የት ይለማመዱ

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ያለችው ሁለት ደቂቃ ከሬዲዮው ጊዜ ጋር ትቀራረባለች፤ የሚሰማውም ሰው ትዕግሥት የለውም። ማይክሮፎኑን ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ በጣም ሲቀርብ «ጰ» እና «ፐ» ይፈነዳሉ። ለመሞከር እፍ አትበሉበት፣ አትምቱትም፤ ስማችሁን በሉ። ለቴሌቪዥን ውይይት የተጋበዘ ተማሪም ይኸው ይበቃዋል፤ ተጨማሪው ነገር ጥያቄ ሲጠይቅ በጥያቄው ላይ ማቆም ብቻ ነው፤ ንግግር አድርጎ መቀመጥ ጋባዡን ያስቸግራል።

ከወጣ በኋላ

የላካችሁትን ቅጂ፣ የደወላችሁበትን ቀንና የፕሮግራሙን ስም አስቀምጡ። ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወጣ አንዴ ብቻ፣ በትሕትና ጠይቁ። አሳጥረው ካወጡት ያ የአርታኢ ሥራ ነው፤ ሐሳቡ ተገልብጦ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ጻፉ፦ የወጣው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፣ የላክሁት ይህ ነው፣ እንዲታረም የምጠይቀው ይህ ነው። ወቀሳ አትጨምሩበት፤ ማስተካከያ የሚያወጣው ያው ሰው ነው።

የተጠየቀው ጽሕፈት ቤት በአየር ላይ መልስ ከሰጠ ቃሉን ጻፉት፤ በተለይ ቀን ከጠቀሰ። ቀኑ ሲደርስ መልሳችሁ ደውሉ። አውቶቡሱ ከተመደበ «ከሰኞ ጀምሮ ገብቷል፣ ሰልፉ ከ50 ወደ 15 ደቂቃ ወርዷል» በሉና አመስግኑ፤ ካልተመደበ «ጥር 20 ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ የካቲት 3 ነው» በሉ። ስልክ ተቀባዩ ይህን ሲሰማ ተራ አያስጠብቃችሁም።